የዜሮ ምስክር

በ2071 ዓ.ም. አንድ አዲስ እውቀት ወደ ዓለም መዝገብ ከመግባቱ በፊት ሦስት ተራ ሰዎች «ገብቶኛል» ብለው መፈረም አለባቸው። ሕጉ የወጣው ማሽኖች የሚያገኙት ነገር በዝቶ፣ ያገኙትን የሚረዳ ሰው ደግሞ እየጠፋ በመጣ ጊዜ ነው። ምስክሮቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው። ዕጣው የደረሰው ሰው ሚኒስትርም ይሁን ዘበኛ አርባ ቀን ይቀመጣል፣ ይማራል፣ ይፈርማል።

ለእኔ የደረሰኝ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ሉባባ ይማም እባላለሁ፤ ደሴ ውስጥ የሙሽራ ፀጉር በእጄ እሠራለሁ። «በእጄ» የምለው ሆን ብዬ ነው። ሌላው ፀጉር ቤት ሁሉ ጭንቅላት የሚያስገቡበት ቆብ ገዝቷል፤ ቆቡ ሹሩባውን በአሥራ አንድ ደቂቃ ይጨርሳል። እኔ ስድስት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ቀጠሮዬ ግን ከወራት በፊት ይሞላል። ደግነቱ ሰኔ ላይ ለአንድ ወር ያህል ሥራ ይቀዘቅዝልኛል። ሱቄን ዘግቼ ጦሳ ተራራ ሥር ወደተቆፈረው ጣቢያ ገባሁ።

በሩ ላይ የመዳብ ዘንግ ቆሟል። የሚገባ ሁሉ ዘንጉን በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ አሥር ይቆጥራል። በሰውነቱ ላይ ያለው ሙል፣ በድሮው አጠራር ቻርጅ፣ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ምልክት አለው፤ መብራቱ፣ ወንበሩ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር መኖሩን ለተንታኙ ያስታውቃል። ተንታኙ የምንለው ጣቢያውን የሚመራውን ማሽን ነው። አመሻሽ ላይ አንድ በአንድ እየጠራ «ዛሬ ምን ተረዱ?» ይለናል። የተናገርነውን ሰምቶ ከመቶ ነጥብ ይሰጠናል። የመጀመሪያው ቀን አራት ሰጠኝ። ወላሂ አራት! በትምህርት ቤት ዘመኔም እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።

ያስተማሩን ዶክተር መቅደላዊት አይሸሽም ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ዋሻ አልወጡም ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ የናፈቀው ቆዳ አላቸው፣ ፀጉራቸውን እንዴት እንደሚይዙትማ ባልናገር ይሻላል። ግን ማስረዳት ይችሉበታል።

«ፕሮቶን ውስጥ ኳርክ የሚባሉ ሦስት ቅንጣቶች አሉ» አሉን። «ሁለቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ ፖዘቲቭ ሙል ይዘዋል። ሦስተኛው አንድ ሦስተኛ ኔጌቲቭ ነው። ሲደመር አንድ ይሆናል።»

«እንደ ሹሩባ» አልኩ። «ሦስት ዘለላ ተጎንጉኖ አንድ።»

«እንደ ሹሩባ» አሉ፤ ደስ አላቸው። «ኤሌክትሮን ግን አልተጎነጎነም። አንድ ብቻ ነው፣ የሚከፈል ነገር የለውም፣ ከኳርክ ጋር ዝምድና የለውም። ሆኖም የያዘው ሙል ልክ አንድ ነው፤ ኔጌቲቭ አንድ። የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች እንዴት ልክ ለልክ እኩል ሆኑ? ማንም አያውቅም። በቢሊዮን አንድ እንኳ ቢለያዩ ይህ ተራራ አይቆምም ነበር። ምድር ራሷ ባልተሰበሰበች።»

የዚያን ዕለት ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እጄን ሳየው ቆየሁ። ይህ ሁሉ ሚዛን እኔ ውስጥ አለ አልኩ። ሃምሳ አንድ ዓመት ስኖር ማንም አልነገረኝም ነበር።

ጣቢያው ያገኘው አዲስ ነገር ታዲያ እኩል አይደሉም የሚል ነው። ከነጥብ በኋላ ሃያ አምስት ዜሮ ተሻግሮ፣ ሃያ ስድስተኛው ቦታ ላይ ፕሮቶን በጥቂቱ ይበልጣል። በየቀኑ አንዲት ነጥብ ሰሌዳ ላይ ትቀመጣለች፤ እኩል ከሆኑ መስመሩ ላይ፣ ፕሮቶን ከበለጠ ከመስመሩ በላይ። ትርፉ ግን ሁልጊዜ አይታይም። አንዳንድ ቀን ነጥቧ መስመሩ ላይ ትወርዳለች። ይህን «ዝምታ» ይሉታል። ዝምታው አንዳንዴ አንድ ቀን ነው፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ተንታኙ ምክንያቱን አግኝቻለሁ ብሏል፤ በሕዋ ውስጥ የማይታይ ወንዝ ይፈሳል፣ ምድር ወንዙ ውስጥ ስትገባ የፕሮቶን ሙል ይጨምራል፣ ስትወጣ ይመለሳል። በአሥራ አራት ሺህ ቀመር አረጋግጦታል።

ፊርማው ሐሙስ ሐምሌ 13 ሊሆን ተቀጠረ። ከተማው ውስጥ የቀረ ሰው የለም፣ ሁሉም ያውቃል። ከኢትዮጵያ ምድር የተገኘ፣ የዓለምን መጻሕፍት ሁሉ የሚያስቀይር ነገር! ፒያሳ ላይ ሰንደቅ ተሰቀለ። ቤቴን ለማየት ስወጣ ጎረቤቶቼ መንገድ ላይ እያስቆሙ «ሉባባ፣ ስምሽ ከዓለም መዝገብ ሊገባ ነው አሉ» ይሉኛል። ካልተፈረመ ጣቢያው በመስከረም እንደሚዘጋም ሁሉም ያውቃል። ዶክተር መቅደላዊት ይህን አንድም ቀን አንስተውብን አያውቁም። ይህ ዝምታቸው ከማስፈራራት ይልቅ ከበደኝ።

ሁለቱ ሌሎች ምስክሮች፣ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሾፌርና አንዲት ንብ አርቢ፣ ተዘጋጅተናል ብለዋል። እኔ ግን ወንዙ አልገባኝም። የሙል ነገር ገብቶኛል፣ ሹሩባው ገብቶኛል፤ ወንዙ ግን አይዋጥልኝም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተንታኙ ሲጠይቀኝ «አልተረዳሁም» አልኩት።

«ዘጠና ስምንት» አለ።

«አልተረዳሁም እያልኩህ!»

«ተረድተዋል፤ አልተረዳሁም ያሉት በትሕትና ነው። ትሕትና በስሌቱ ውስጥ ገብቷል።»

እኔ ሉባባ ይማም ትሑት ነሽ ተብዬ አላውቅም። ያን ዕለት ማሽኑን መጠርጠር ጀመርኩ።

ሰኞ ሐምሌ 10 ቀን ጠዋት ዶክተር መቅደላዊትን የሰሌዳውን ቅጂ በወረቀት ስጡኝ አልኳቸው። ወረቀት ፍለጋ አንድ ሰዓት ፈጀ። በተንታኙ ሰሌዳ ላይ ወርም፣ የሳምንት ቀንም የለም። ይህ ልኬት ከተጀመረበት አንስቶ ቀኖቹ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ፤ ዛሬ 900 ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቀጠሮ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወርና ዕለት ያልተጻፈበት ቀን ቀን አይመስለኝም። እርሳስ ተበደርኩና ከዛሬ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ በየቁጥሩ ሥር ሰኞ፣ እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ እያልኩ ጻፍኩ።

የመጨረሻው ረጅም ዝምታ ከ865 እስከ 895 ነበር። ከሰኞ ሰኔ 5 እስከ ረቡዕ ሐምሌ 5። እኔ ሱቄን ዘግቼ የመጣሁበት ወር።

ከዚያ በፊት ከ815 እስከ 864፣ ሃምሳ ቀን ሙሉ፣ አንድም ዝምታ የለም። እነዚያን ሃምሳ ቀናት ማን ይረሳል? በቀን ሁለት ሙሽራ እየሠራሁ ጣቶቼ ያበጡበት ጊዜ ነው። ከእነሱ በፊት ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን ዝምታ። ያን ጊዜ ሱቄ ውስጥ አንድ ዘለላ ፀጉር አልወደቀም፤ ግድግዳ ቀለም አስቀባሁበት። ከእሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሦስት ቀን ብቻዋን፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ።

እርሳሱን አስቀመጥኩ። እኔ እስላም ነኝ፤ የክርስቲያኑን ጾም ጾሜው አላውቅም። ግን በጾም ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ሉባባ ሥራ የላትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ጾም በባዶ ወንበሬ ሳውቀው ኖሬያለሁ። የእኛ ጾም ቢሆን ኖሮማ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን እየሸሸ ይመጣ ነበር፤ ገና ወረቀቱን ሳየው እለየው ነበር።

«ዶክተር፣ እርስዎ ይጾማሉ?» አልኳቸው።

«እጾማለሁ። ምነው?»

«ይህ ሁዳዴ ነው። ይቺ ነነዌ ናት። ይህ የሐዋርያት ነው፤ ካቻምና ሠላሳ አምስት ቀን፣ አምና አሥራ አምስት፣ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ። ዘንድሮ አንድ ቀን የጨመረው ሐምሌ አምስት ረቡዕ ስለዋለ ነው። እነዚህ ብቻ ብቻቸውን የቆሙት ረቡዕና ዓርብ ናቸው።» ጣቴ ሃምሳው ቀን ላይ ቆመ። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይኸው፣ ዝምታ የለም።»

ወረቀቱን ወሰዱት። ቆመው አነበቡት፣ ከዚያ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያለውን ደም ማን እንደወሰደው አላውቅም።

«ሃያ ሁለት ዓመት…» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ራሴ እየጾምኩ…»

«ፕሮቶን ይጾማል እንዴ?» አልኩ።

«አይጾምም።»

«እንግዲያው የሚጾመው እዚሁ ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው ነው።»

ማን እንደሆነ ሳስብ ጊዜ አልፈጀብኝም። የጣቢያው ምግብ ቤት ኃላፊ ጋሽ ደምሌ ናቸው፤ ሰባ አልፏቸዋል፣ ከጣቢያው ቁፋሮ ጀምሮ አሉ። ሐሙስ ዕለት፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ቀዝቃዛ ወተት በብርጭቆ ሰጥተውኝ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ የሆነ አሮጌ ነገር ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። በማግስቱ ዓርብ ወተት ስጠይቃቸው «ዛሬማ ነቅየዋለሁ፣ ነገ ነይ ልጄ» አሉኝ።

ሁለታችንም ሄድን። መደርደሪያውን ገለል ስናደርግ ነጭ ፍሪጅ ተገኘ፤ በሩ በገመድ የታሰረ፣ የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ምልክት የሚባል ነገር የሌለው። ምልክት ከመታዘዙ በፊት የተሠራ ነው። ዋሻው ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ መኖሩን ለተንታኙ ያላስታወቀ እሱ ብቻ ነበር፤ ተንታኙም እንደሌለ ቆጥሮታል።

«ከቤቴ ነው ያመጣሁት» አሉ ጋሽ ደምሌ። «የሠራተኛው ወተት እየተበላሸ ሲያስቸግር። ምን አጠፋሁ?»

«በጾም ለምን ይነቅሉታል?» አሉ ዶክተር።

«ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ባዶውን ምን ሊያቀዘቅዝ? እኛ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ነው ያደግነው፤ ባዶ ፍሪጅ ሰክቶ መሄድ ነውር ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እነቅላለሁ፣ ጾሙ ሲያልፍ በዚያው ሰዓት እሰካለሁ። ፈጣሪ ያየኛል፣ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም።»

እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን አልተሳሳቱም። በእሳቸው ጥንቃቄ ነው ማሽኑ ወንዝ ያየው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ሽቦውን ፈተሸ። የፍሪጁ ሽቦ አርጅቶ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሽቦው ያፈስሳል፤ መሬት ሽቦው ደግሞ የመለኪያውን ክፍል ከሸፈነው ብረት ጋር አንድ ነው። ሰው የማይሰማው፣ አምፖል የማያበራ፣ ግን ሃያ ስድስተኛው ቦታ ላይ የሚታይ።

ጋሽ ደምሌ ሲገባቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ። «አገር አዋረድኩ» አሉ። «ስንት ሰው ሰንደቅ ሰቅሎ…» አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው ማልቀስ ዳዳኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነው፣ ሰንደቁ ተሰቅሏል።

ዶክተር መቅደላዊት ግን አላለቀሱም። «አሁን ምንም አልተዋረደም» አሉ። «ሐሙስ ብንፈርም ነበር የምንዋረደው። መጀመሪያ እንፈትነው።»

ተንታኙን ጠየቅነው። የጾም መላምት በአሥራ አራት ሺህ ቀመሮቹ ውስጥ እንደሌለ፣ ፍሪጅ የሚባል ዕቃም በጣቢያው ውስጥ እንደማይገኝ ነገረን። ፍሪጁ አጠገብ ቆመን ነው ይህን ያለን።

ማክሰኞ ጾም አይደለም፤ ፍሪጁን አስነቀልነው። ረቡዕ ጾም ነው፤ አሰካነው። ጋሽ ደምሌ በረቡዕ ሲሰኩት ወተት አላስገቡበትም፣ የውኃ ጠርሙስ ብቻ። የማክሰኞዋ ነጥብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመጣ መስመሩ ላይ ተቀመጠች። የረቡዕዋ ከመስመሩ በላይ ወጣች። ማክሰኞን አስጾምነው፣ ረቡዕን አስፈሰክነው፤ የሕዋው ወንዝም ታዘዘ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰብን። የባቡር ሾፌሩ ጠየቀ። «ታዲያ ነገ ምን ልንፈርም ነው? ምንም?»

ዶክተር መቅደላዊት ወረቀቴን አነሱ። «አራት መቶ ሰባ ዘጠኝ የጾም ቀናት አሉን» አሉ። «ፍሪጁ የተነቀለባቸው፣ ምንም የማይረብሻቸው። የእነሱን ብቻ ደምሩልኝ።»

ተንታኙ ደመረ። እስከ ሃያ ስምንተኛው ቦታ ድረስ ዜሮ። ከዚያ በላይ መለኪያው አያይም።

«ዜሮ ግኝት አይደለም» አለ ተንታኙ።

«ነው እንጂ!» አሉ ዶክተር፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ከሰው ልጅ ማንም እዚህ ዜሮ ድረስ አልደረሰም። ይህን ተራራ አቁሞ የያዘው ይህ ዜሮ ነው። መዝግብ!»

ሐሙስ ጠዋት ከከተማው የመጣው ሰው የጣቢያውን ደጅ ሞልቶታል። ዶክተር መቅደላዊት በሩ ላይ ወጥተው ሁሉንም ነገር ነገሩት፤ ወንዙን፣ ፍሪጁን፣ ወረቀቱን። የጋሽ ደምሌን ስም አልጠሩም። ጋሽ ደምሌ ራሳቸው ከኋላ መጥተው አጠገባቸው ቆሙና «እኔ ነኝ» አሉ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ።»

ከሰዉ መካከል የከፋው ነበር፤ ከበሮውን ይዞ የተመለሰ ነበር። ከፊት የቆመች አንዲት ሴት ግን «ራሳችን አበላሽተን ራሳችን ነው የደረስንበት?» ብላ ጠየቀች።

«ራሳችን» አልኩ ከኋላ ሆኜ። «ማንም ሳይነግረን።»

ሴትየዋ እልል አለች። ሌሎቹ ተከተሉ። በሕይወቴ ለሙሽራ ብዙ እልልታ ሰምቻለሁ፤ ለዜሮ እልል ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አንገቴም ያን ቀን እንደቀና እስከ ዛሬ አልጎበጠም።

ምስክር ሲፈርም የገባውን በራሱ ቃል መጻፍ አለበት። እኔ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሦስት ሆኖ የተጎነጎነውና ብቻውን የቆመው፣ ዝምድና ሳይኖራቸው እኩል ናቸው። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኩል መሆናቸውን ግን እኛ ከማንም በላይ ቀርበን አይተናል፤ ያየነውም የራሳችንን ስህተት ካነሳን በኋላ ነው።» ተንታኙ አንብቦ መቶ ሰጠኝ። መቶውን አልፈለግሁትም፤ ቢሆንም አልመለስኩለትም።

ጣቢያው አልተዘጋም። ከሦስት አገሮች ጣቢያዎች ደብዳቤ መጣ፤ ምልክት የሌለውን ዕቃ እንዴት ነው የምትፈልጉት? ዶክተር መቅደላዊት «በእግራችን እየዞርን፣ ምግብ ቤት ሳይቀር» ብለው መለሱ። ፍሪጁ አሁን ከዋሻው ውጪ፣ ደጁ ላይ ይሠራል። ጋሽ ደምሌ ረቡዕና ዓርብ እንደ ልማዳቸው ይነቅሉታል።

እኔ ሱቄን ከፍቻለሁ። ጥቅምት ላይ፣ አየሩ በደረቀበት ሰሞን፣ አንዲት ሙሽራ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ሳበጥራት ፀጉሯ ተነስቶ ማበጠሪያውን መከተል ጀመረ።

«ምን ሆነ ፀጉሬ?» አለች ደንግጣ።

«ምንም አልሆነም። ካንቺ የወጣው ሙል ማበጠሪያው ላይ ነው። አንቺ የጎደለብሽን ያህል እሱ ላይ ተጨምሯል፤ በመንገድ የጠፋ የለም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽ እንኳ።»

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና ሳቀች። «አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

ፀጉሯን በሦስት ዘለላ ከፈልኩት።

«ፈርሜበታለሁ» አልኳት።